የአርብ ምሳ

በቢቸና ሰው ሲከሳ ምክንያቱን የማያውቅ የለም፤ የከሳው ሰውዬ ብቻ ሲቀር። ሽታሁን ገብረ ኪዳን መክሳት የጀመረ ሰሞን ከተማው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። ገሚሱ «ክፉ በሽታ ይዞታል» ሲል ገሚሱ ደግሞ «ኧረ ወዲያ፣ ምን በሽታ፣ ሴት ናት እንጂ» ይል ነበር። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ሽታሁን ለማንም መልስ መስጠት ያቃተውም ለዚሁ ነው።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለሚሠራ ሰው የሥራው ግማሹ ግብዣ ነው። ንግሥ ሲሆን ይጠራል፣ ሰርግ ሲሆን ይጠራል፣ ከላይ እንግዳ ሲመጣ አብሮ ይቀመጣል። ሽታሁንም የሰጡትን የማይመልስ፣ ሳቁ ከግቢ ውጭ የሚሰማ፣ ሆዱ ከፊቱ እየቀደመ የሚገባ ደስ የሚል ሰው ነበር። «ሽታሁን ከመጣማ ድግሱ ሞላ» ይሉት ነበር። እሱም በዚህ ይኮራ ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ታዲያ አምና ለስብሰባ ሞጣ ሄዶ ሳለ፣ ንግግር እያደረገ መሐል ላይ ዓይኑ ጭልም አለበትና ወደቀ። ሆስፒታል ሲወስዱት ስኳሩ ጣሪያ ነክቶ ተገኘ። በስኳር ክትትል ክፍሉ ያለችው ነርስ ካርዱን ተቀብላ አነበበችና ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ድካምም ደግነትም ነበረባት።

«አቶ ሽታሁን፣ መኖር ይፈልጋሉ?» አለችው።

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው በሕይወቱ አልገጠመውም። ብላ፣ ጠጣ፣ ድገም እንጂ መኖር ትፈልጋለህ ያለው ማንም አልነበረም።

«እፈልጋለሁ» አለ፣ ድምፁ እንደ ተማሪ ድምፅ ቀጥኖ።

«እንግዲያው አብረን እንሞክራለን።»

ያቺን «አብረን» የምትል ቃል ይዞ ወደ ቢቸና ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያደረገውን ሁሉ ያደረገው በዚያች ቃል ነው።

ነርሷ፣ ሲስተር ሊድያ፣ የሆሳዕና ልጅ ናት። በሥራ ተመድባ ሞጣ ከመጣች ዓመታት ቢያልፉም፣ ከሥራ ወደ ተከራየቻት ክፍል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ በከተማው ዳር ወዳለችው ትንሽ የጸሎት ቤት ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ አታውቅም። ሃይማኖቷ ከሽታሁን ይለያል። ይህ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለመሪጌታ ገብረ ኪዳን ልጅ ግን ተራራ ነው። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ቤታቸው ከደብሩ አጥር ጋር የተያያዘ ሰው ናቸው። ልጃቸው መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እንዳይውጥ፣ በጾም ቀንም ጠዋት እንዲቀምስ የመከረችው «ያች የሞጣዋ ጴንጤ» መሆኗን ሲሰሙ ለቀናት አላነጋገሩትም።

«የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል፣ አባባ» አላቸው አንድ ቀን።

«የፈቀዱልህ ለበሽታህ ነው» አሉ መሪጌታ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ። «ለልብህ አልፈቀዱልህም።»

ሽታሁን ከፊታቸው ተነሥቶ ወጣ። ልቡን ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ ለእሷም ጭምር።

ለሰው መክሳት ከባድ የሚመስለው በረሃቡ ነው። ረሃቡንስ ይለምዱታል። ያልለመደው ብቻውን መብላቱን ነው። እናቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ ወጡን በቅቤ ካላራሱት እጃቸው የሠራው አይመስላቸውም። እሱ ደግሞ ጎመኑን፣ ክኩን፣ ግማሽ እንጀራውን ለብቻ በትንሽ ሰሃን አድርጎ ከመስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ቤተሰቡ ከመሶቡ ዙሪያ ሆኖ እጅ ከእጅ እየተጋፋ ሲበላ፣ እሱ ከጥግ ሆኖ የማኘኩን ድምፅ ራሱ ይሰማል። መሪጌታ አንድ ማታ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለው ለመሶቡ እንደሚናገሩ ሁሉ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ወደ መስኮቱ ዞረው አይተው አያውቁም።

የማኅበር ጓደኞቹም እየራቁ ሄዱ። ክፋት አልነበረባቸውም። ጠላውን «ይቅርብኝ» የሚል፣ ቁርጡን የሚያልፍ፣ ዳር ተቀምጦ ውኃ የሚጠጣ ሰው ጨዋታ ያቀዘቅዛል። መጀመሪያ ያሾፉበት ነበር፣ ቀጥሎ ያዝኑለት ጀመር፣ በመጨረሻ «እሱ እንደሆነ አይበላ፣ ምን ያደርግለታል» ብለው መጥራቱን ተዉት። ኮቱ የሌላ ሰው ኮት መስሎ ተንጠለጠለበት። መንገድ ላይ የሚያገኙት ባልቴቶች «እግዜር ይማርህ ልጄ» ይሉታል። በሕይወቱ እንደዚያን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ አያውቅም ነበር፤ ሰው ሁሉ ግን እንደ ታማሚ ይሰናበተዋል።

ጠዋት ጠዋት፣ ከተማው ከእንቅልፉ ሳይነሳ፣ በጤፍ ማሳዎቹ መሐል በምትወስደው የእግር መንገድ ይሄዳል። ከአንዲት ዋርካ ሥር ሲደርስ ይመለሳል። ሊመለስ ሲል ስልኩ ትጮኻለች። ሁልጊዜ ያው መልእክት ነው።

«ዛሬ ተራመድክ?»

«ተራመድሁ» ብሎ ይመልሳል።

ከዚህ ያለፈ ነገር ተጻጽፈው አያውቁም። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መቼ እንደተሻገሩ እንኳ ሁለቱም አያስታውሱትም። ሽታሁን ግን ስልኩን ኪሱ ከከተተ በኋላ የሚሰማው ሙቀት እስከ ቢሮ ያደርሰዋል። ወዲያው ደግሞ «ለታካሚዎቿ ሁሉ የምትልከው ይሆናል እኮ፤ ሥራዋ ነው» ብሎ ራሱን ያበርዳል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል።

ያለፈው ቀጠሮ ዕለት ነገር ተበላሸ። ሊድያ የደሙን ውጤት ስታይ ፊቷ በራ። «በጣም ጥሩ ነው! የሚቀጥለውም እንዲህ ከሆነ ከዚህ ክትትል ትወጣለህ። ቢቸና እዚያው በቅርብህ ያዩሃል፤ ይሄን ሁሉ መንገድ አትንከራተትም» አለችው። ስትናገር ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲያ ስትስቅ አላያትም ነበር።

ሽታሁን ያን ሳቅ ይዞ ተመለሰና ሳምንታት ሙሉ ሲያገላብጠው ከረመ። ባገላበጠው ቁጥር መራራ ሆነበት። «ደስ ያላት ስለምትገላገለኝ ነው» አለ። ደህና ከሆነ ሞጣ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ምን ብሎስ በሯን ያንኳኳል? ከታመመ ግን ቀጠሮ አለው። አንድ ጤነኛ ሰው ሊያስበው የማይችለውን ነገር ያሰበው በዚህ ጊዜ ነው።

የቀጠሮው ዕለት፣ አርብ ማለዳ፣ ወደ ሞጣ የሚሄድበት ሚኒባስ ደብረ ወርቅ ላይ ለቁርስ ቆመ። ሽታሁን ለምርመራው ምንም ሳይቀምስ መድረስ ነበረበት። ወርዶ ወደ ምግብ ቤቱ ገባና ማርና ዳቦ አዘዘ፤ ለስላሳም አስከተለ። ያንን ማር ስንት ሌሊት በሕልሙ አይቶታል። አሁን ግን ጣዕሙ አልመጣለትም። በላይ በላዩ ጎረሰው፣ አስተናጋጇ «ይጨመር?» ስትለው «ጨምሪ» አለ። ሲወጣ ልቡ እንደ ሌባ ልብ ይመታ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እናቱ ትዝ አሉት።

ሞጣ ሆስፒታል ሲደርስ የክፍሉ የጽዳት ሠራተኛ ውበቴ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሳቀችለት። «መጣህ? ሲስተርማ ከጠዋት ጀምራ መስኮት መስኮቱን ስታይ ነው የዋለችው» አለችው። ሽታሁን ቀልድ መሰለው።

ሊድያ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን አስይዛ ነበር። ከጠረጴዛዋ ጀርባ፣ መስኮቱ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ባለ ሁለት ድርብ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል። ገና ሲገባ ዓይን ለዓይን ተጋጩና ሁለቱም ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ አዩ።

«ሳትበላ ነው የመጣኸው?»

«ሳልበላ።»

ጣቱን ወጋችው። ቁጥሩን አየች። እጁን በአልኮል ጠርጋ ሌላ ጣቱን ወጋችው። ያው ነው። ሽታሁን የጠበቀው ቁጣ ነበር፤ ተቆጥታ «በሁለት ሳምንት ተመለስ» እንድትለው። እሷ ግን አልተቆጣችም። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ጠፋ።

«መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ?» አለችው።

«አዎ፣ እወስዳለሁ።»

«እንግዲያው መጠኑ መጨመር ይኖርበታል። ውጭ ይጠብቁ፣ ዶክተሩ ያዩዎታል።»

«እርስዎ» ብላ ነበር። ስኳሩ ካዞረው ይልቅ ይህ አዞረው።

ከደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ውበቴ የሆነውን በበሩ ክፍተት አይታ ኖሮ መጥታ አጠገቡ ቆመች። የተናደደች ትመስላለች።

«ምን አደረግሃት?»

«ምንም፣ እትዬ ውበቴ። ስኳሬ ከፍ ብሎ ነው።»

«ዛሬ ከፍ ይበል? ዛሬ?» አለች ራሷን ይዛ። «ይህች ልጅ ትናንት ከሥራ ወጥተን ገበያ አብረን ስንሄድ ጎመኑን ቅጠል በቅጠል ነው የመረጠችው። ‹ነገ አርብ ነው፣ ዘይቱ ምን ያህል ይበቃዋል?› ትለኛለች። ማን ነው እሱ ብላት ሳቀች። ‹ነገ ታካሚዬ መሆኑ ያበቃል፣ ያን ጊዜ እነግርሻለሁ› አለችኝ። እኔ ደግሞ አላውቅ ብላ! ከታካሚዋ ጋር አንዲት ጉርሻ ላትካፈል ለራሷ የማለች ልጅ ናት። ሰው አገር ያለች ሴት አይደለች? ስሟን ነው የምትጠብቅ።»

ሽታሁን የምትለውን ሰምቶ ለመረዳት ጊዜ ፈጀበት። ሲገባው ሆዱ ውስጥ ያለው ማርና ዳቦ ድንጋይ ሆነበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ተነሥቶ ሳያንኳኳ ገባ። ሊድያ ጀርባዋን ሰጥታ ከመስኮቱ ቆማለች። የምሳ ዕቃውን ጨርቅ ፈትታ መልሳ እየቋጠረችው ነበር።

«ዋሽቼሻለሁ» አለ። «በልቼ ነው የመጣሁ። ደብረ ወርቅ ላይ ማር በዳቦ በላሁ። ሆን ብዬ ነው።»

ዞረች። «ለምን?»

«ደህና ነህ ካልሽኝ መምጫ አጣለሁ ብዬ።»

ሽታሁን ቁጣዋን ቢያገኘው ይሻለው ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ።

«አባቴ ስኳር ነበረበት» አለች በዝግታ። «ክሊኒክ በሄደ ቁጥር ‹ምንም አልበላሁም› ይል ነበር። ከረሜላው ኪሱ ውስጥ እያለ። እግሩን ሲቆርጡት አጠገቡ ነበርኩ፤ ሲሞትም ነበርኩ። ነርስ የሆንኩት ለዚያ ነው። ስንት ሰው እዚህ ወንበር ላይ እየተቀመጠ ይዋሸኛል፣ ለምጄዋለሁ። አንተን ግን አምኜህ ነበር። ከሁሉም አንተን ነበር ያመንኩት።»

«ሊድያ...»

«‹ዛሬ ተራመድክ› የምልህ ለሁሉም ሰው የምልከው ይመስልሃል? አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከማንም ጋር ቃል ሳልነጋገር፣ ቀኔን የምጀምረው በዚያ ነው። ምሳዬን ብቻዬን፣ እራቴን ብቻዬን። ውጤትህ ጥሩ የሚሆንበትን ቀን ስጠብቅ ነበር። ያን ቀን ታካሚዬ አይደለህም። ያን ቀን ከአንድ ሰሃን እንበላለን ብዬ። አንተ የፈራኸው ቀን እኮ እኔ የናፈቅኩት ቀን ነው።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ ሽታሁን።

«ብትጠይቀኝ ኖሮ» አለችው።

በአገናኝ መንገዱ የውበቴ መጥረጊያ ይሰማል። ሽታሁን ወደ ምሳ ዕቃው ተመለከተ። አንድ ዓመት ሙሉ ከመስኮት ሥር ብቻውን ሲበላ የኖረ ሰው ነው፤ ያንን የጨርቅ ቋጠሮ ሲያይ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«አሁን እንብላ» አለ። «እባክሽ። አሁን።»

«ጠግበህ መጥተሃል እኮ» አለች ሊድያ።

እሷ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ጋዋኗን አስተካከለች። ምሳ ዕቃውን አንሥታ በሁለት እጇ ሰጠችው።

«ውሰደው። ዛሬ ለእኔ አይበላልኝም። ቤትህ ገብተህ፣ ማታ፣ ከተራመድክ በኋላ ብላው። ዕቃውን ትመልስልኛለህ።»

«መቼ?»

«በቀጠሮህ። እንደ ታካሚ ትመጣለህ፣ እውነትህን ይዘህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዛሬ አትጠይቀኝ። ዛሬ አዝኜብሃለሁ፣ ሽታሁን።»

ያለ «አቶ» ስሙን ብቻ ስትጠራው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሲናፍቀው የኖረው ነገር እንዲህ ባለ ድምፅ መጣለት።

ቢቸና ሲደርስ መሸት ብሏል። ከመናኸሪያው ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ምሳ ዕቃውን በብብቱ ይዞ የማሳውን መንገድ ወርዶ እስከ ዋርካው ሄደና ተመለሰ። ቤት ሲገባ እናትና አባቱ መሶቡ ፊት ተቀምጠው ነበር። ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ጨርቁን ፈታ። ከላይኛው ጎመንና ምስር ክክ አለ፣ ከታችኛው በስሱ የተቆረጠ ቆጮ፤ ከሆሳዕና እናቷ የላኩላት መሆን አለበት። ሁሉንም በሰሃን አወጣው። ለሁለት ሰው ነበር።

«ከየት ነው?» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ።

«ከሞጣ።»

መሪጌታ እጃቸው መሶቡ ላይ ቆመ። «አርብ መሆኑን ታውቃለች?» ብለው ጠየቁ።

«ታውቃለች፣ አባባ። ለዚህ ብላ ነው እንዲህ የሠራችው።»

ሽታሁን ቆረሰና ጎረሰ። ጎመኑ ጨው አንሶታል፤ ለእሱ ተብሎ የተቀነሰ ጨው ነው። እያንዳንዷን ጉርሻ አላምጦ፣ ሰሃኑን ከመሐል እንደተሰመረ ሁሉ ግማሹን በልቶ እጁን ሰበሰበ።

«ምነው፣ ጨርሰው እንጂ፤ ይህችን ታህል ምግብ» አሉ እናቱ።

«የሷ ድርሻ ነው» አለ ሽታሁን። ድምፁ አልወጣም ማለት ይቻላል።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ባላቸውን አዩ። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከስንት ወር በኋላ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጃቸውን አዩት፤ የከሳውን ፊቱን፣ የሰፋበትን ኮት፣ ያልተነካውን ግማሽ ሰሃን።

«ክደኚው፣ ይርጋነሽ» አሉ። «የሰው ድርሻ ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ሽታሁን እንደ ወትሮው ወጣ። ማሳው በጤዛ ርሷል፣ ከደብሩ የኪዳን ድምፅ ይሰማል። ዋርካው ሥር ደርሶ ስልኩን አውጥቶ ቆመ። ሰዓቱ አለፈ። ስልኩ አልጮኸችም። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ለስንት ጊዜ አንዲት ጥያቄ ተደግፎ እንደኖረ ገባው።

ማንም ሳይጠይቀው ጻፈ።

«ዛሬ ተራመድሁ። እውነቴን ነው።»

መልስ አልመጣም። ስልኩን በመዳፉ እንደያዘ ሁልጊዜ ከሚመለስባት ዋርካ አልፎ ሄደ።